አራተኛው እርምጃ

ልብስ ሰፊው ጠና ሰውን የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በአካሄዱ ነበር። ይህ ለቀልድ የሚባል አይደለም። ከሆሳዕና ገበያ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ደቅኖ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጧል። ዓይኑ ከመርፌው ቀና ሲል የሚያገኘው የአላፊ አግዳሚውን እግር ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ለማየት አንገት ማቅናት ያስፈልጋል፤ ጠና ደግሞ ለዚያ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ጨርቁ ላይ እንዳጎነበሰ፣ «ወርቅዬ አለፈች፤ ዛሬ ከባሏ ጋር ተኳርፋለች» ይላል። ጎረቤት ሄዶ ሲያጣራ እውነት ሆኖ ይገኛል። ለማጣራት የሚሄድ ጎረቤት ደግሞ በሰፈራችን ጠፍቶ አያውቅም።

ለቀበሌው ኪነት ቡድን የተመለመለውም በዚሁ ችሎታው ነው። መልማዩ ቸኮል የሚባል አሰልጣኝ ነበር። አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ተወዛዋዥ ነበርኩ ይላል፤ መጋረጃ ሳቢ ነበር የሚሉም አሉ። መጋረጃም ሳበ፣ ትከሻም ሰበቀ፣ አንድ ነገር ግን በዓይኑ አይቷል፤ ከግብፅ የመጣ የጭፈራ ቡድን መድረክ ላይ ሲጫወት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

«እኛ ምንድን ነው የምናደርገው?» ይላል አዳራሹ መሃል ቆሞ። «ሃያ ሰው አሰልፈን ሃያውንም አንድ ዓይነት እናስዘልላለን። የእነሱ ጭፈራ ውስጥ ግን ሰው አለ! ውሃ ሻጩ አለ፤ የተሸከመው ውሃ አጉብጦታል፤ ጎብጦም ግን በምት ነው የሚሄደው። ጥቁር ኩታ የተጠቀለለች ሴት አለች። ኩታው ይንሸራተታል፣ ትሰበስበዋለች፣ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ልብ በሉ፣ ሆን ብላ ነው። ማስቲካ ታኝካለች። ወንዱ ሲከተላት ዞር ብላ ታፈጥበታለች፤ እሱ እግሩ ይተሳሰራል። አዳራሹ በሳቅ ይሞታል። ይኼ ሁሉ ሲሆን ከከበሮው ምት ማንም አይወጣም። ሳቁ ራሱ ምቱ ላይ ነው የሚወድቀው!»

«ማስቲካውን ቀበሌው ይገዛልናል?» አለች ሂሩት። ሂሩት ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። ኩታዋን የምታንሸራትተው ሴት እሷ እንድትሆን የዚያኑ ቀን ተወሰነ።

ቸኮል ያዘዛቸው እንዲህ ነበር፤ የጭፈራው ስም «ገበያ» ይሆናል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ገበያ ወርዶ አንድ አካሄድ ሰርቆ ይመጣል። አንዱ የዳምቦያ አህያ ነጂ ይዞ መጣ። ሌላዋ ከሀደሮ የምትመጣ ቅቤ ነጋዴ አመጣች፤ ቅቤው ተሽጦ አልቆም እንኳ ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ ሁሉ አንገቷን አቅንታ የምትሄድ ሴትዮ። ጠና ገበያ መውረድ አላስፈለገውም። የእሱ አካሄድ በየቀኑ በበረንዳው ሥር ያልፍ ነበር።

አካሄዱ የማቴዎስ ነው። ማቴዎስ የእማማ አስናቀች ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ፣ እስከዚያው የእናቱን ቅቤ ገበያ የሚያመላልስ፣ ከጠና ቤት ሦስተኛው በር ላይ የሚኖር የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። በጣም ረጅም ነው፤ ቁመቱ ስለሚያሳፍረው ጎበጥ ብሎ ይሄዳል። ሰላም ያለውን ሰው ሳያስተውል ያልፍና ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ይደነግጣል፤ ዞሮ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ከአህያ ጋር ቢጋጭ አህያዋን ይቅርታ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ቀኝ እጁ ነው። ሦስት እርምጃ ይራመዳል፤ በአራተኛው እጁ ወደ ግራ ደረቱ ሄዳ ኮቱን መታ ታደርጋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መታ። ከቤቱ እስከ ገበያው እንደዚያ ነው።

ጠና እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቅ መስሎት ነበር። ኪሱን የሰፋው ራሱ ነው። ማቴዎስ ኮቱን አምጥቶ፣ «ጋሽ ጠና፣ በውስጥ በኩል አንድ የመታወቂያ ኪስ ያድርጉልኝ፤ ጠለቅ ይበል» ብሎት፣ «የቀበሌ መታወቂያ ይኼን ያህል ካደገ ደህና ነው» ብሎ ስቆበት ሰፍቶለታል። መታወቂያ መጣል በዚያ በደርግ ዘመን ቀላል ጣጣ ስላልነበረ ልጁ ቢነካካው አያስገርምም ብሎ አለፈው።

ልምምድ ላይ ሲያሳያቸው ሂሩት መሬት ላይ ተቀመጠች በሳቅ። ከበሮ መቺው ደግሞ ሳይነገረው፣ የጠና እጅ ደረቱን ስትነካ «ዱም» አደረገላት። በዚያው ጸደቀ።

መጀመሪያ የታየው አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲመጣ ታዟል፤ በር ላይ ስም ይመዘገባል፤ ያልተመዘገበ ቤት ከኅብረት ሱቁ ስኳር ሊቀርበት ይችላል። የእማማ አስናቀች ቤተሰብ የወንጌል አማኞች ናቸው፤ ዘፈን ያለበት አይደርሱም። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ፣ መሰብሰብ ተከልክሎ ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ የቤቱ ስም እንዲመዘገብ ብቻ ማቴዎስ መጥቶ ከኋላ ግድግዳው ሥር ቆመ።

ጠና ከመጋረጃው ወጥቶ ሦስት ተራመደ፤ ዱም። ደግሞ ሦስት፤ ዱም። ከወደ መሃል አንዲት ሴት፣ «ውይ! ማቴዎስ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ኋላ ቢያይ ማቴዎስ ደንግጦ እጁ በራሷ ጊዜ ደረቱ ላይ ሄዳለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ያ አዳራሽ በፊትም በኋላም ሰምቶት አያውቅም። ማቴዎስ ራሱ ፊቱን ሸፍኖ ይስቅ ነበር።

በማግስቱ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ «ዱም!» ይለው ጀመር። ሻጩም ዱም፣ ተማሪውም ዱም። ረቡዕ ዕለት በረንዳው ሥር የማቴዎስ ጫማ ቆመ።

«ጋሽ ጠና፣ እንዴት ዋሉ? ጥሩ ነው የተጫወቱት።»

«ተቀየምክ እንዴ?»

«አልተቀየምኩም። እኔም ስቄያለሁ። ያቺን የእጄን ነገር ግን ቢተዉአት።»

«የቷን?»

«ይቺን» ብሎ ሊያሳይ እጁን አነሳና ግማሽ መንገድ ላይ መለሰው።

«እሷማ የጨዋታው ጨው ናት!» አለ ጠና። «ስማኝ፣ አህያዋን ልተውልህ። ሰላምታውንም ልተውልህ። እሷን ከተውኳት ግን ምን ይቀረኛል?»

«ሌላውን ሁሉ ያድርጉት፤ እንደፈለጉ ያድርጉኝ። እሷን ብቻ።»

«ለምን? ምክንያቱን ንገረኝ።»

ማቴዎስ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። «ምክንያት የለውም» አለ። «እባክዎ ግን።»

«እስቲ አየዋለሁ» አለው ጠና።

አላየውም ማለት አይቻልም። በልምምድ ላይ አንድ ቀን እጁን ወደ ታች አድርጎ ተራመደ። ከበሮ መቺው መዳፉን አንስቶ በአየር ላይ ቀረ። ሂሩት አልሳቀችም። ቸኮል፣ «ምን ሆንክ? ሳቁን የት ጣልከው?» አለው። ጠና ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጉልበት ሲለካ፣ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር የኖረ ሰው ነው። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ስሙን የጠራው ያን እሁድ ብቻ ነው። በማግስቱ እጁን ወደ ደረቱ መለሳት። ማንም አላስገደደውም፤ ይህን በኋላ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል።

ሁለተኛው ትርዒት የቀረበው ከክፍለ ሀገሩ ለመጣ እንግዳ ነበር። እንግዳው ለውድድር የሚሄደውን ቡድን ይመርጣል ተብሎ አዳራሹ በወረቀት አበባ ተንቆጥቁጧል። ከእንግዳው አጠገብ የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ሀብቴ ተቀምጧል። ጓድ ሀብቴ ሳቅ የሚወድ ሰው ነበር፤ ስብሰባ ላይ እንኳ ቀልድ ጣል ሳያደርግ አይዘጋም። ጠና ሦስት ተራምዶ ዱም ሲል እንግዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይህን ሲያይ ሀብቴ ደስታው ገነፈለ፤ ብድግ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ዋናው እኮ እዚሁ አለ! ማቴዎስ! ና ውጣ ወደ መድረክ!»

ሕዝቡ እየገፋ፣ እያጨበጨበ አወጣው። ከበሮው ጀመረ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተራመዱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ጠና ደረቱን መታ። ማቴዎስ ግን ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዟቸዋል።

«እጅህን! እጅህን!» አለ አዳራሹ።

ጠና ያኔ ቀና ብሎ የልጁን ፊት አየ። ከደረት በላይ ሲያየው ምናልባት የመጀመሪያው ነበር። አንድ ነገር ገባው፤ ግን ምን ማድረግ ይችላል? እግሩ መራመዱን ቀጠለ።

ጓድ ሀብቴ እየሳቀ መድረኩ ላይ ዘለለ። «ምን ሸሽገህብናል እዚህ ጋ? የፍቅር ደብዳቤ ነው?» ብሎ እጁን ኮቱ ውስጥ፣ ጠና ጠልቆ የሰፋው ኪስ ውስጥ ከተተ። ከበሮ መቺው ለሳቁ ብሎ አንዲት ዱም ጨመረ። የወጣው መታወቂያ አልነበረም። ጥቁር ሽፋን ያላት፣ ጠርዟ ቀይ የሆነች ትንሽ አዲስ ኪዳን ናት።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጓድ ሀብቴ?» አለ እንግዳው ከታች።

ሀብቴ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ መሄጃ አጣ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ መልሶ ከቷት፣ ትከሻውን መታ አድርጎ ይሸኘው ነበር ብለው የሚያስቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። ግን ብቻውን አልነበረም። «ይኼ ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ በድብቅ ከሚሰበሰቡት አንዱ ነው» አለ፤ ድምፁም የስብሰባ ድምፅ ሆነ።

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ማቴዎስን በመድረኩ ጥግ በኩል ይዘውት ወጡ። ጠናን አልፈውት ሄዱ። ሦስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ማቴዎስ ደነገጠ፤ እንደ ልማዱ ዞረና ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ጠናን እጅ ነሳው። ማንም አልሳቀም።

ሦስት ሳምንት ቀበሌው ግቢ ውስጥ ታሰረ። እናቱ ጠዋትና ማታ ምግብ አመላለሰች። ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ፤ የስሞቹ ዝርዝር ሲለጠፍ ከላይ የመጀመሪያው ማቴዎስ ነበር። ያንኑ ኮት ለብሶ መኪና ላይ ወጣ። ቡድኑ ለውድድር ተመርጦ ነበር፤ ጠና ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ቀረ። ቦታውን ቸኮል ራሱ ተጫወተው። ሦስት ይራመዳል፣ ደረቱን ይመታል፣ ከበሮው ዱም ይላል፤ የሚስቅ ግን ጠፋ። ተሸንፈው ተመለሱ።

እማማ አስናቀች በበረንዳው ስታልፍ ሰላምታዋን አላቋረጠችም። «እንዴት አደርክ ጠና?» ትላለች፤ «እንዴት አደሩ እማማ?» ይላል። ብታቋርጠው ይሻለው ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ከጎረቤቷ ፎንቆ ከተማ በክራንች መጥቶ፣ ሰሜን ጦር ግንባር ማቴዎስን በእጁ እንደቀበረ ለአስናቀች ነገራት። ቀኑንም ተራራውንም ነገራት። በአካባቢያችን የድሮው ሰው ሲያለቅስ የሟቹን ነገር ያወጣል፤ ዱላውን፣ ልብሱን፣ ያለውን ይዞ ለቅሶው መሃል ይዞራል፤ ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ በሰው መሃል እንዲያልፍ ነው። አማኞቹ ይህን ልማድ ከተዉት ቆይተዋል። አስናቀች ልያዝ ብትል እንኳ የምትይዘው አልነበራትም። ዝማሬ ዘመሩላት፣ ጸለዩላት፣ በሦስተኛው ቀን ሰው ወደ ቤቱ ተበተነ።

ለቅሶው ወር ሲሞላው፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እግሯ በረንዳው ሥር ቆመ። አላለፈም።

«የሚያሰፉት አለ እማማ?»

«የለም።» አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ የቤቷ ቋንቋ ሐዲይኛ ነው። «የልጄን ሲሄድ… አሁንም ታውቀዋለህ?»

ጠና መኪናውን የሚያዞረው እግሩ ቆመ። «ትቼዋለሁ እማማ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን…»

«አውቃለሁ። ሆሳዕና ሁሉ አይቶታል። እኔ ብቻ አላየሁትም።» ነጠላዋን አጣፋች። «ፎቶ አንድ ነበረው፤ መታወቂያው ላይ። ይዞት ሄደ። ኮቱንም ለብሶት ሄደ። አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው የቀረው።»

ጠና መርፌውን ከጨርቁ ነቀለ፤ መልሶ ሰካው። «እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ። «ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። መጥቶ ለምኖኝ ነበር።»

«ለምኖህ ነበር?» ይህን አታውቅም ነበር።

«አዎ። የእጄን ነገር ተዉልኝ ብሎ። እዚሁ ቆሞ።»

«ምን አልከው?»

«እስቲ አየዋለሁ አልኩት።»

አስናቀች ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አህዮች አለፉ። ትሄዳለች፣ ከእንግዲህ ሰላምታም የለም ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ዞራ ሳታየው፣ «ና እንግዲህ» አለች።

ከአጥሩ በር እስከ ቤቷ ደጃፍ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። አስናቀች ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ከበሩ ጀምር» አለችው።

ከበሮ የለም፣ ሕዝብ የለም። ጠና ጎበጥ አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ደረቱን መታ። ጆሮው ውስጥ ግን ዱም አለ። እንሰቱን ሰላም ሳይል አለፈው፤ ደንግጦ ዞረና እጅ ነሳው። ከወደ ደጃፉ ድምፅ ሰማ። አስናቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስቅ ነበር። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። «ይኸው!» ትላለች። «ይኸው እኮ እሱ! ሰላም ያላለው ዛፍ የለም!»

ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ አለቀ።

«አይደለም» አለች።

«ምኑ እማማ?»

«እጁ። ይኼ የመንገድ ነው።» ተነስታ እስከ አጥሩ በር ሄደች፤ አንዱን ቋሚ እንጨት በመዳፏ ያዘች። «እዚህ ሲደርስ ያወርደዋል። ከዚህ በኋላ አይነካውም። እዚህ ውስጥ ማን ይፈራል? ጀርባውም ይቀናል። እናንተ ጎባጣ ታደርጉታላችሁ፤ ልጄ ጎባጣ አይደለም። መንገድ ላይ ነው የሚጎብጠው።»

ጠና ያን ልጅ አያውቀውም ነበር። እሱ የሚያውቀው በበረንዳው ሥር የሚያልፈውን ብቻ ነው። እንደገና ከበሩ ውጪ ጀመረ። «ቶሎ አወረድከው» አለችው። ደግሞ ጀመረ። «አትቸኩል፤ ደክሞታል፤ ግን ደስ ብሎታል።» ደግሞ ጀመረ። ልኬት እየሳተ ሱሪ እንደሚያበላሽ ጀማሪ ላቡ ወረደ።

በአራተኛው፣ እንጨቱ ጋ ሲደርስ እጁን ለቀቃት። ወረደች። ትከሻው ተከትሏት ወረደ፤ አንገቱ ወጣ። ጠና አጭር ሰው ነው፤ የዚያን ጊዜ ግን የእንሰቱን ቅጠል ከላይ ያየው መሰለው። ምንም ሳይሠራ፣ ምንም ሳያስቅ እንዲሁ መጣ። አስናቀች ከወንበሯ ተነሳች፤ ከገበያ የመጣ ልጅ ትከሻ ላይ ያለውን ሸክም እንደምትቀበል እናት ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ በሐዲይኛ አንዲት ነገር አለችው።

ሁለቱም እንደዚያው ቆሙ። ከዚያ እጆቿን ቀስ ብላ መለሰችና ተቀመጠች።

«በቃ» አለች በአማርኛ።

«እማማ…»

«ስትወጣ በራስህ አካሄድ ውጣ። እሱን ሲወጣ አላይም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጠና ወደ አጥሩ በር ዞረ። የሰፈሩን ሁሉ አካሄድ ያውቃል፤ የራሱን ግን አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው የኖረው። አንድ እግሩን አስቀደመ፤ ሌላውን አስከተለ፤ ደግሞ አንድ። አራተኛው እርምጃ ላይ ቀኝ እጁ በራሷ ጊዜ ወደ ደረቱ ስትነሳ ተሰማው።

በግራ እጁ ያዛት። እንደያዛት በሩን አልፎ ወጣ።